ያለ ነዳጅ

ካርታ አውጡና ማስመሪያ አስቀምጡበት። አንዱ ጫፍ ደሴ ላይ፣ ሌላው ቆረም ላይ ይረፍ። መስመሩ በመርሳና በወልድያ አናት ላይ ያልፋል፤ ቢስት እንኳ በጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። እኛ የመርሳ ልጆች ያደግነው በዚህ መስመር ሥር ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ስለ መንገዱ ተምረናል፤ ከደሴ ተነሥቶ፣ ሐይቅን ውጫሌን ይዞ፣ በደጃችን አልፎ ወልድያ ስለሚገባው። ስለ መስመሩ የነገረን ግን አልነበረም።

መስመሩ የሰማይ ነው። ባለፉት 90 ዓመታት በላዩና በዙሪያው የበረረውን ስንቆጥር ከረምን። ቦምብ ጣይ አለ፤ የቀይ መስቀል አውሮፕላን አለ፤ እህል የጫነ አለ፤ በመጨረሻም ሰው የሌለበት ድሮን አለ። ሁሉም ሞተር አለው። ሁሉም ወይ ሊገድል ወይ ሊያድን የመጣ ነው። ከዝርዝሩ የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ከዚያው ከሥሩ ተነሥቶ፣ ለመብረር ብሎ ብቻ የበረረ ሰው።

እንዲህ ዓይነቱ ሰው በሌላው ዓለም ሞልቷል። የሚበርበት ነገር ግላይደር ይባላል። ሞተር የለውም። ክንፉ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሆዱ አንድ ወይ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። ወይ ሌላ አውሮፕላን በገመድ ይጎትተዋል፣ ወይ መሬት ላይ የተተከለ ዊንች የአንድ ኪሎ ሜትር ገመድ በፍጥነት እየጠቀለለ ያስነሣዋል። ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ሲደርስ አብራሪው ገመዱን ይለቅቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የእሱና የአየሩ ጉዳይ ነው።

እንዴት አይወድቅም? ይወድቃል እንጂ! ገመዱን ከለቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ እየወረደ ነው። ብቻ አወራረዱ ቀስ ያለ ነው፤ ጥሩ የሚባለው ግላይደር አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲያጣ 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ፊት ይሄዳል። ጨዋታው እሱ ከሚወርድበት በበለጠ ፍጥነት ሽቅብ የሚወጣ አየር ፈልጎ እዚያ ውስጥ መግባት ነው። ወደ ላይ በሚወጣ ኤስካሌተር ላይ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚራመድ ሰው አስቡ። እግሩ ይወርዳል፣ እሱ ግን ፎቅ ይደርሳል። በዚህ ዘዴ በ2003 እ.ኤ.አ. ክላውስ ኦልማን የተባለ ጀርመናዊ በአንዲስ ተራሮች ላይ ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፐርላን 2 የተባለ ግላይደር በአርጀንቲና ሰማይ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ከሚሄድበት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። አንድ ጠብታ ነዳጅ ሳያቃጥል።

ሽቅብ የሚወጣ አየር የት ይገኛል? ነገሩ ለመርሳ ልጅ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ መሬትን ታሞቃለች፤ መሬት አየሩን ያሞቃል፤ የሞቀው አየር ቀሎ እንደ ዓምድ ይነሣል። ነፋስም ገደል ሲያጋጥመው መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይታጠፋል። እንግዲህ መርሳን አስቧት። ከተማዋ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በስተምዕራብ ደጋው እስከ 3000 ሜትርና ከዚያም በላይ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በስተምሥራቅ ሜዳው እየሞቀ እየሞቀ ወደ አፋር ይወርዳል። የግላይደር ክለቦች ሜዳ ሲመርጡ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ ማሽላ የጠበቀ ልጅ ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቀዋል። ጥንብ አንሳ በጧት አይበርም። ገደሉ ላይ ተኮፍሶ ፀሐይ ይጠብቃል። ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ አንዱ ይለቀቃል፤ ሁለት ሦስቴ ክንፉን ይመታል፤ ከዚያ ዘርግቶ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ነጥብ እስኪያክል ይወጣል። ሌሎቹ የእሱን መውጣት አይተው ወደዚያው ይመጣሉ። የግላይደር አብራሪዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ወፍ ሲዞር ካዩ መንገዳቸውን ወደ ወፉ ያደርጋሉ። በበጋ በታጨደ እርሻ ላይ የሚሽከረከረውን አቧራስ ማን ይረሳዋል? እናቶቻችን «ሰይጣን ነው!» ብለው ከፊቱ ይመልሱን ነበር፤ ገሚሶቻችን እያማተብን፣ ገሚሶቻችን ቢስሚላሂ እያልን። ያ «ሰይጣን» ለግላይደር አብራሪ የመንገድ ምልክት ነው። እዚህ ሙቅ አየር ተነሥቷል፣ ና ውጣ ይለዋል።

ደግሞ ይህን ጥበብ ለሰው ያስተማረው ወፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል በ1889 እ.ኤ.አ. የወፍ በረራን የሚመረምር መጽሐፍ ሲያሳትም ዋና አስተማሪው ነጭ ሽመላ ነበር። የክንፉን ቅርጽ አጠና፣ ለካ፣ ሣለ። ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠራቸው ክንፎች ከኮረብታ እየተንደረደረ 2000 ጊዜ ያህል በረረ። በነሐሴ 1896 እ.ኤ.አ. ወድቆ ሞተ፤ ከዓድዋ ድል 5 ወር በኋላ መሆኑ ነው።

ነጭ ሽመላ የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ ወደ አፍሪካ ሲመጣ ሰፊ ባሕር አያቋርጥም። ውኃ ላይ እንደ የብስ ሙቅ አየር አይነሣማ! ስለዚህ ምሥራቁን መንገድ የያዘው በቦስፎረስ፣ በሶርያና በሲና አድርጎ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ይወርዳል፤ ከፊሉም ወደ እኛ ይዘልቃል። አውሮፓውያን ይህ ወፍ ክረምቱን የት እንደሚያሳልፍ ለዘመናት ሲከራከሩ ኖሩ። በ1822 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጀርመን አንገቱ ላይ የአፍሪካ ጦር የተሰካበት ሽመላ ተገኘ። ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከነጦሩ ቆሟል። ስሙን የማናውቀው አንድ አፍሪካዊ አዳኝ ወፏን ሳትሞትለት ቀረች፤ ግን ለአውሮፓ ሳይንስ ማስረጃ ላከ። እንዲህ ያለ ፖስታ ቤት የት ይገኛል?

ሊሊየንታል ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ ራይት ወንድማማቾች ሞተር ገጠሙ፤ ያኔ ዓለም ግላይደርን ረሳ ማለት ይቻላል። መልሶ ያስታወሰው ሽንፈት ነው። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ በ1919 እ.ኤ.አ. የቬርሳይን ውል ስትፈርም የጦር አውሮፕላን ተከለከለች፤ ባለ ሞተር አውሮፕላን መሥራትም በብዙ ገደብ ታሰረ። ሞተር ስለሌለው ነገር ግን ውሉ አላሰበም። በ1920 እ.ኤ.አ. ጥቂት ተማሪዎችና ከጦር የተመለሱ ወጣቶች ቫሰርኩፐ በተባለ ተራራ ላይ በእንጨትና በጨርቅ የሠሩትን ይዘው ለውድድር ተሰበሰቡ። ተራራ ስንላችሁ እንዳትደነግጡ፤ 950 ሜትር ነው። መርሳ መናኸሪያ ራሱ ከእሱ በብዙ ይበልጣል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በረራቸው የሚቆጠረው በሰከንድና በደቂቃ ነበር። በነሐሴ 1922 እ.ኤ.አ. አርተር ማርተንስ ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ ቆየ። በ1926 እ.ኤ.አ. ማክስ ኬገል የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ገብቶ ተስቦ ወጣ፤ ደመናው የተፋው 55 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ሳይሞት በመቅረቱ ጓደኞቹ በነጎድጓድ ስም ጠሩት። ከዚያ በኋላ ከፍታ መጨመርና መቀነስን ወዲያው የሚያሳይ መሣሪያ ተገኘ፤ ቫሪዮሜትር ይሉታል። አብራሪው በዓይኑ የማያየውን አየር በመርፌ ማየት ቻለ።

እኛን ከሁሉ የሳበን ግን መሣሪያው ሳይሆን ክለቡ ነው። ግላይደር ብቻህን የሚበር ነገር ነው፤ ብቻህን ግን አይነሣም። ክንፉን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል፤ ገመዱን የሚያያይዝ፣ ዊንቹን የሚነዳ፣ ሰዓት የሚመዘግብ፣ ያረፈውን ገፍቶ የሚመልስ። አባሉ ቀኑን ሙሉ ለሌሎች ይገፋል፣ ይጎትታል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ እነሱ ለእሱ ያደርጋሉ። አየሩ ካልጣመ የእሱ ድርሻ 10 ደቂቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወገን፣ ይሄ ወንፈል ነው! አባቶቻችን ማሽላ ሲያጭዱ የሚያደርጉት ነው። ዛሬ በአውሮፓ አንድ የክለብ ተማሪ በ14 ዓመቱ ብቻውን እንዲበር ሕጉ ይፈቅዳል፤ የሚያስችለውም ውድ ነገር በጋራ ስለሚገዛ ነው።

የጨዋታው ታሪክ ንጹሕ ነው ብለን ግን አንዋሽም። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ክለቦቹን ጠቅልሎ ወሰዳቸው። በኮረብታ ላይ መንሳፈፍ የተማሩት ልጆች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦምብ ጣይ ሲያበሩ ተገኙ።

ጀርመኖቹ በእንጨት ክንፍ ሲንሳፈፉ እኛ ጋ ምን ይደረግ ነበር? የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ አብራሪነት አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። የደስታው ታሪክ ተደጋግሞ ይነገራል። ቀጥሎ የመጣው ግን ቶሎ ይታለፋል። 8 ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ከእኛ በስተምዕራብ በወሎና በበጌምድር ድንበር አንቺም ላይ የራስ ጉግሣ ወሌ ጦርና የመንግሥት ጦር ሲገጥሙ አውሮፕላን በላያቸው መጣ። በመጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ውጊያ ሞቱ። የሰሜን ወሎ ገበሬ ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀው እንዲህ ነው፤ አንድ ዓመት እንኳ ለመደነቅ ጊዜ አላገኘም።

መንግሥትን በዚህ አንወቅስም። መንገድ በሌለበት አገር ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ደሴ ለማድረስ ሳምንት ይፈጃል፤ አውሮፕላን በሰዓታት ያደርሰዋል። ስለዚህ የተገዛው ሞተር ነበር፤ የሠለጠነውም የሞተር አብራሪ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በ1923 ዓ.ም. ገደማ ከመጀመሪያዎቹ ተመረቁ። ሙሉእመቤት እምሩ ከወረራው በፊት በወጣትነቷ መብረር ተማረች። ከሃርለም የመጣው ሁበርት ጁልያን ለዘውድ በዓሉ ሲዘጋጅ የንጉሡን ዓይነተኛ አውሮፕላን ከስክሶ ከአገር ወጣ፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ጃንሜዳ ላይ «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ሠርቶ አበረረ። ጣልያን ወሰዳት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ሁሉም ደስ ይላል። ሁሉም ግን የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነበር። ከሸንበቆና ከአቡጀዴ ክንፍ ሠርተው ከኮረብታ የሚንደረደሩ የሠፈር ልጆች፣ መጫወቻ ሰማይ ያገኙ ልጆች፣ በታሪካችን መጽሐፍ አልገቡም። ለመግባት ጊዜም አልነበራቸው።

ጣልያን መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ተደበደበች። ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ጨብጠው ሲተኩሱ የተነሣው ፎቶ የዚያን ዕለት ነው፤ ሆስፒታሉና የቀይ መስቀል ድንኳኖችም ተመቱ። የእኛ አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩና መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ከቺካጎ የመጣው ጆን ሮቢንሰን በእነሱ መልእክት ያመላልስ ነበር። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በአምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛና መድኃኒት ያመላልስ ነበር፤ የስዊስ ሐኪሙን ማርሴል ጁኖን ይዞ ከደሴ ቆረም የሚበርበት ያ ማስመሪያ ያስቀመጥንበት መስመር ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ቀይ መስቀል የተሣለበት አውሮፕላናቸው ቆረም ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ጣልያኖች አወደሙት። መጋቢት 22 ቀን፣ ከአንቺም ልክ በ6 ዓመቱ፣ ማይጨው ሆነ። ወደ አሸንጌና ወደ ቆረም የሚያፈገፍገው ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ዘነበ። በዚያ መስመር የሚኖር ሰው የሞተር ድምፅ ሲሰማ የሚያደርገውን ተማረ፤ ወደ ቁጥቋጦ መሮጥ።

ፎን ሮዘን ተመልሶ መጣ። ከ1938 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉን አብራሪዎች አሠለጠነ። በ1966 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከትንንሽ አውሮፕላን ክንፍ ሥር የምግብ ከረጢት እየሰቀለ ጣለ። ከ5 ዓመት በፊት በቢያፍራ ጦርነት በተመሳሳይ ትንንሽ አውሮፕላን ክንፍ ሥር የሰቀለው ሮኬት ነበር፤ ሰውዬው ለክንፍ ሁለቱንም ጥቅም ያውቅ ነበር። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ሞተ፤ መሬት ላይ፣ በእግሩ ቆሞ ሳለ።

ከዚያ 1977 ዓ.ም. መጣ። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችውን ቆረምን ኬንያዊው መሐመድ አሚን ቀረጻት፤ ማይክል በርክ ተናገረላት፤ ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ታየች። ዓለም ደነገጠ፣ አውሮፕላን ላከ። የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይሎች መንገድ ወደማይደርስባቸው የደጋ መንደሮች ጥቂት ሜትር ከፍ ብለው እየበረሩ እህል በጆንያ ላይ ጆንያ አድርገው ጣሉ። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ሜዳውን ያዘጋጁ ነበር። ብዙ ሰው ተርፏል። ይሁንና ያደግንባት ወሎ ለሌላው ዓለም ከሰማይ የሚመገብ ሕዝብ አገር ሆና የቀረችው ያኔ ነው፤ ከአውሮፕላን ሆኖ የሚያይ ሁልጊዜ ሌላ ሰው፣ ከሥር አንጋጦ የሚያይ ሁልጊዜ እኛ።

የኢትዮጵያ ትልቁ የግላይደር በረራ የተደረገው ከዚህ 12 ዓመት በኋላ ነው፤ ግላይደር ባልሆነ አውሮፕላን፣ ማንም ሳይፈልገው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767፣ የበረራ ቁጥር 961፣ 175 ሰው ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ሦስት ጠላፊዎች ኮክፒት ገቡና ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ነዳጁ ለናይሮቢ እንጂ ለአውስትራሊያ እንደማይበቃ አስረዱ። ጠላፊዎቹ በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ 767 ስንት ሰዓት እንደሚበር አንብበው ነበርና አላመኗቸውም። (ያነበቡትን በግማሹ ይዞ መከራከር የዛሬ በሽታ ብቻ አይደለም።) ካፒቴኑ የአፍሪካን ዳርቻ ሳይለቁ ቆዩና በመጨረሻ ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አመሩ። ነዳጁ አለቀ። አንዱ ሞተር ቆመ፣ ቀጥሎ ሌላው። ያ ሁሉ ብረት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግላይደር ሆነ።

አስቡት እንግዲህ። ሞተር ሲቆም የመብራትና የመሣሪያው አብዛኛው ይጠፋል፤ በነፋስ የምትዞር ትንሽ ተርባይን ከሆዱ ወጥታ ለመሪው ብቻ የሚበቃ ኃይል ትሰጣለች። ከፍታ ገንዘብ ነው፤ ባወጣኸው ቁጥር አይመለስም። ካፒቴኑ የሞሮኒን አየር ማረፊያ ሊይዙ አሰቡ፤ ጠላፊው በመጨረሻዋ ሰዓት ሲታገላቸው የሚያነጣጥሩበት ከዓይናቸው ጠፋ። ቀሪው ምርጫ ባሕሩ ነበር፤ ሰው ባለበት ሆቴል አጠገብ፣ ከዳርቻው 500 ሜትር ገደማ። ከማዕበሉ ጋር ትይዩ ሊያሳርፉት ሞከሩ። የግራ ክንፉ ቀድሞ ውኃ ነካ፤ አውሮፕላኑ ተሰባበረ። 125 ሰው ሞተ፣ 50 ተረፈ። ብዙዎች የሞቱት የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ሳይወጡ በመንፋታቸው ነው፤ ውኃው ሲሞላ ጃኬቱ ከጣራው ጋር አጣበቃቸው። ካፒቴን ልዑልና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ተረፉ። መሐመድ አሚን፣ ያ የቆረምን ረኃብ ለዓለም ያሳየው፣ እዚያው ሞተ።

አሁን ሌላ 767 እንጨምር። ሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. የኤር ካናዳ አውሮፕላን ነዳጁ በኪሎ ግራም መለካት ሲገባው በፓውንድ ተለክቶ ተነሣና ከ12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ሁለቱም ሞተሮቹ ቆሙ። ካፒቴኑ ቦብ ፒርሰን በትርፍ ጊዜው ግላይደር የሚያበር ሰው ነበር። ጊምሊ ወደተባለ የቀድሞ የጦር ሜዳ አመራ፤ ሲቃረብ ከፍታው በዛበት። ያኔ ግላይደር አብራሪዎች የሚያውቁትን፣ የጄት አብራሪዎች ግን የማይሞክሩትን አደረገ፤ አውሮፕላኑን አዘንብሎ በጎኑ እያንሸራተተ ከፍታውን አባከነ። የዚያን ዕለት ሜዳው ላይ የመኪና እሽቅድድም ነበር። 69ኙም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ተረፉ። በ2009 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሀድሰን ወንዝ ላይ 155 ሰው ያተረፈው ሳለንበርገርም በወጣትነቱ ግላይደር የሠለጠነ ነው።

የካፒቴን ልዑልን ሥራ ከእነዚህ ጋር አስተካክሎ መመዘን ግፍ ነው። ፒርሰንን አንገቱን የሚይዘው አልነበረም፤ ሳለንበርገር ላይ መጥረቢያ ያነሣ የለም። እንዲያውም እጅ እየያዙት፣ መሣሪያው ጠፍቶ፣ 50 ሰው በሕይወት የሚያወጣ በረራ መብረር በየትኛውም ክለብ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። የምንለው ሌላ ነው። ሌሎቹ ያለ ሞተር መብረርን ቀድመው በጨዋታ አውቀውት ነበር፤ በእሑድ ከሰዓት፣ ሜዳ ላይ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር። በእኛ ታሪክ ግን ያለ ሞተር መብረር የመጣው በሞት ቀን ነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ደረሰ። ስለዚያ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ሳይጻፍም ቀርቷል። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፤ በወሎ ሰማይ ላይ የድሮን ድምፅ ተሰማ። ልጆች እንደገና ከድምፁ መሸሽ ተማሩ፤ ቅድመ አያቶቻቸው በ1928 የተማሩትን።

ወፎቹም እየቀነሱ ነው። በእኛ ገደል ላይ የሚያንዣብቡት ጥንብ አንሳዎች ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ የጥፋት አፋፍ ላይ ከተመዘገቡት ውስጥ ናቸው። ለጅብና ለውሻ የተቀመጠ መርዝ የበላን ሬሳ እነሱም ይበሉታል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሊን ፔኒኩዊክ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በሰረንጌቲ ሞተር ያለው ግላይደር ይዞ፣ ሞተሩን እያጠፋ፣ ከጥንብ አንሳና ከሽመላ ጋር አብሮ እየዞረ በረራቸውን አጥንቷል። ከእኛ ገደል የሚነሡትን እስከ ዛሬ ከጎናቸው ሆኖ ያያቸው ሰው ስለመኖሩ አልሰማንም።

በጨዋታ መልክ ለመጀመር ምን እንደሚያስፈልግ አሰላን። አንድ ያገለገለ ባለ ሁለት መቀመጫ ግላይደር፤ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሞተር ሊሠራ የሚችል ዊንች፤ አስተማሪ፤ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ (ይሄኛው ከግላይደሩ ይከብዳል)፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰላም። ሜዳው አለ። ማሽላው ታጭዶ ከተነሣ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይገባ፣ ከመርሳ በስተምሥራቅ አንድ ኪሎ ሜትር ገመድ የሚዘረጋበት መሬት አይጠፋም።

ይህን ለአንድ የአካባቢው ሽማግሌ አጫወትናቸው። ወንፈል መሆኑን ወደዱት። ወፉንም ገባቸው፤ እንዲያውም ጧት የማይነሣው ለምን እንደሆነ እኛን አስረዱን። ቆይተው ግን፣

«ልጆቼ፣ ሞተር ከሌለው፣ አየሩ ቢጠፋበትና ራያ ቢወርድ በምን ይመለሳል?» አሉ።

«እንዲህ ብዙ ጊዜ ይሆናል አያ፤ ሰው እርሻ ላይ ያርፍና ጓደኞቹ መኪና ይዘው ይሄዳሉ። ክንፉን ይነቅሉና ጭነው ይመልሱታል» አልናቸው።

በትራቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ።

«ሲሄድ በሰማይ፣ ሲመለስ በአይሱዙ! ለእርሻውስ ማን ይከፍላል?»